«ስድስት ወር» የተባልኩ ዕለት

አንገቴ ላይ የወጣችው እብጠት ሽምብራ ታህል በነበረች ጊዜ ሐኪም ዘንድ በወጉ ሄጄ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም ይህን ከመጻፍ እናንተም ከማንበብ እንገላገል ነበር። ግን አልሄድኩም። የምጽፈው ለማስተዛዘን አይደለም። እንደ እኔ በራሱ ግምት ራሱን ቀብሮ የተቀመጠ ሰው ካለ ቶሎ እንዲነሳ ነው።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሐሙሲት ላይ፣ ከገበያው አጠገብ፣ አንዲት ጠባብ ቤት አለችኝ። በገበያ ቀን ከደራ ገጠር የሚመጣው ገበሬ ሱሪ ያሳጥራል፣ ሴቶቹ ቀሚስ ያሰፋሉ። ቀኑን ሙሉ የሰው አንገት ስለካ እውላለሁ፤ የራሴን አንገት ግን ያየችልኝ ባለቤቴ የሺ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ከኋላዬ ቆማ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። ከግራ ጆሮዬ በታች ነበር። አያምም፣ አያሳክክም፤ ሲነኩት ከቆዳ ሥር ሸርተት ይላል። «ዕጢ ነው፤ ይጠፋል» አልኳት።

አልጠፋም። በወሩ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ሦስት። ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ ጀመር፤ ጠዋት አንሶላው ቢጨመቅ ውኃ የሚወጣው ይመስላል። ቀበቶዬ ላይ በወስፌ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጨመርኩ። አንድ የግል ክሊኒክ «ቶንሲል ነው» ብሎ መርፌ ወጋኝ። ሌላው «ጥርስህ ነው የመረዘህ» ብሎ ደህና መንጋጋዬን ነቀለው። ያ ጥርስ ዛሬም ይቆጨኛል፤ ሥጋ በበላሁ ቁጥር አነሳዋለሁ። ከዚያ በኋላ ክሊኒክ መሄድ አቆምኩ። ያቆምኩት ግን በጥርሱ ተናድጄ አይደለም። በሽታዬን ያወቅኩት ስለመሰለኝ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እህቴ ልንገራችሁ፤ ያለሷ የእኔ ነገር አይገባችሁም። ጥሩወርቅ ታላቄ ናት። ከሐሙሲት በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ከእናታችን ጋር ትኖር ነበር። እኔ ከመታመሜ ሁለት ዓመት በፊት እሷም አንገቷ ላይ አበጠባት፤ ከርሞ ፈነዳ። ዛሬ ወደሌለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሰውየው አየት አደረጋትና «ነቀርሳ ነው» አለ። ወረቀት ጫር ጫር አደረገና «ሆስፒታል ውሰዳት፣ መድኃኒት ይሰጧታል» አለኝ። ያለው ይኸው ነው።

በእኛ አገር ነቀርሳ ሲባል የሚታሰበው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በዚያው ዓመት የጎረቤታችን ሚስት በጡት ነቀርሳ ሞታለች፤ ባሏ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ አመላልሷት በመጨረሻ ሬሳዋን ይዞ ተመለሰ። እናቴ ወረቀቱን ተቀበለችኝና ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። «ለማይድን በሽታ ልጄን በየመንገዱ አላንገላታትም» አለች። ደግሞ ሁላችንም የምናምነውን ጨመረችበት፤ «ነቀርሳ ብረት አይወድም፤ ከነካኩት ይቆጣል»። እኔም እሺ አልኩ። ከቤቱ ፊደል የቆጠርኩት፣ አሥረኛ ክፍል የደረስኩት እኔ ነኝ፤ እሺ ያልኩትም እኔ ነኝ። ጥሩወርቅ አንድ ቀን «ወረቀቱ ምን ይላል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «እንግሊዝኛ ነው» አልኳት።

ስምንት ወር ተኝታ፣ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ፣ በፍልሰታ ጾም ሞተች። ተዝካሯን አወጣን። «የእግዜር ፈቃድ ነው» አልን።

እንግዲህ በሁለተኛው ዓመት የእኔ አንገት ሲያብጥ፣ ማንም ሐኪም ሳይነግረኝ ለራሴ ነገርኩት፤ ነቀርሳ ነው፣ ልሞት ነው። ለየሺ ትንፍሽ አላልኩም። አንገቴ ላይ ሻሽ ጠምጥሜ «ብርድ መታኝ» እያልኩ መስፋቴን ቀጠልኩ። የጀመርኳቸውን ልብሶች ጨርሼ ለባለቤቶቻቸው ለማስረከብ እጣደፍ ነበር፤ የሰው ጨርቅ ይዤ እንዳልሞት ብዬ። ሲመሽ ፍርሃቱ ይብሳል። ከጎኔ የተኛችው የሺ ስትተነፍስ እየሰማሁ «ይቺ ሴት ማን አላት?» እላለሁ።

እብጠቱ የፈነዳው በገበያ ቀን ደንበኛ ፊት ነው። የሺ ሻሹን ፈትታ አየችው። አልጮኸችም። ሱቁን ዘጋችና ቁልፉን ጡቷ ሥር ከተተችው።

«ነገ ደብረ ታቦር ነን» አለች።

«የሺ፣ ይኼ የጥሩዬ በሽታ ነው። ምን ልሆን እሄዳለሁ?»

«አንተ የተበላሸ ስፌት ስታይ ትተረትረዋለህ እንጂ ትቀብረዋለህ?»

«እኔ ጨርቅ አይደለሁም።»

«ጨርቅማ ብትሆን እኔው በጣፍኩህ! ተነስ አልኩህ!»

ወረታ ላይ መኪና ቀይረን ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የነበረችው ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ እስክንደርስ አላወረደችውም። አልፈረድኩባትም፤ ቁስሌ ለእኔም ይሸተኝ ነበር።

ደብረ ታቦር ብርድ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ካርድ አውጥተን የምንጠብቅበት አዳራሽ ግን መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሽተኛው ጋቢውን ተከናንቦ ያጉረመርማል፤ አንዱ ይነሳና ይዘጋዋል፣ ወዲያው አንድ ሰው መጥቶ መልሶ ይከፍተዋል። የሚከፍተው ነጭ ጋውን የለበሰ፣ አጭር፣ ፀጉሩ የሸበተ ፈረንጅ ነው። ፈረንጅ ማለቴ የውጭ አገር ሰው ለማለት ነው፤ ልጆቹ ከመንገድ ሠሪዎቹ ጋር እያመሳሰሉ «ቻይና! ቻይና!» ይሉታል። ጃፓናዊ ሐኪም ነው፤ የሕክምና ተማሪዎችን ሊያስተምር ከመጣ ቆይቷል። «የሚያስል ሰው በመስኮት በኩል ይቀመጥ። ነፋስ ጥሩ ነው» ይላል በተሰባበረ አማርኛ። ነፋስ ምች ነው ብሎ ላደገ ሕዝብ ይህን መስበክ ድፍረት ይጠይቃል።

ከእኛ ጋር አግዳሚው ላይ የተቀመጠች ሹራብ የለበሰች ወጣት ነበረች። በሽተኛ መስላኝ «አንቺስ ምንሽን ነው?» አልኳት። ሳቀች። «ተማሪ ነኝ። ዶክተር ነው ከእናንተ ጋር ያስቀመጠን። መጠበቅ ምን እንደሆነ ሳታውቁ አታክሙም ብሎናል» አለች። መቅደስ ትባላለች። ሐኪሙ እያንዳንዱ ተማሪ ጋውኑን አውልቆ አንድ ሙሉ ቀን ከበሽተኛ ጋር ወረፋ እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ከዚያም አንድ በሽተኛ ወስዶ እስኪድን ወይም እስኪሞት ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። በማግስቱ መቅደስ ጋውኗን ለብሳ ስትጠራኝ፣ የእሷ በሽተኛ እኔ መሆኔን አወቅኩ።

ሐኪሙን በሽተኛው ሁሉ «ዶክተር ይድገሙ» ይለዋል። አማርኛ ያስተማረው ሰው «እርስዎ ካልክ ማንንም አታስቀይምም» ብሎት ነው መሰል፣ ሽማግሌውንም የአምስት ዓመት ልጁንም እርስዎ ይላል። ተማሪው ለበሽተኛ ሁሉን ነግሮ ሲጨርስ እሱ ጠጋ ይልና «የሰሙትን ይድገሙልኝ» ይላል። እኔ ባለሁበት ከጋይንት የመጡ አንድ አዛውንት «ይድገሙልኝ» ሲላቸው ቆባቸውን አወለቁ፣ ተነስተው ወደ ምሥራቅ ዞሩና «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ጀመሩ። ይድገሙ ሲሏቸው ጸሎት መስሏቸው ነው፤ ሌላ ምን ይደገማል? እሱም ሳያቋርጥ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እስከ አሜን ድረስ ጠበቃቸው። ከዚያ «አሁን ደግሞ መድኃኒቱን» አላቸው። በዚያ ሰሞን የሳቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መቅደስ ከዕጢው በመርፌ ናሙና መውሰድ እንዳለባት ስትነግረኝ እንቢ አልኩ።

«ብረት አይነካኝም። ይቆጣል።»

እሷ ልትከራከረኝ አፏን ስትከፍት ሐኪሙ በእጁ ከለከላት። እጄን ያዘና ጣቶቼን ገልብጦ አየ። የሰፊ ጣት ታውቃላችሁ፣ በመርፌ የተበሳሳ ነው።

«ሥራዎ?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«መርፌ በቀን ስንት ጊዜ ይወጋዎታል?»

«እሱማ ማን ቆጥሮት።»

መርፌውን ከነማሸጊያው መዳፌ ላይ አኖረው። በእጄ አገላብጬ አየሁት፤ ከእኔው የእጅ መርፌ ይቀጥናል። «ተቆጥቶ ያውቃል?» አለኝ ጣቶቼን እያሳየ። የሺ ከኋላዬ «ይውጉት፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለች። አልያዘችኝም፤ ራሴ አንገቴን ሰጠሁ።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። መቅደስ ወረቀቱን አየችና ፈገግ አለች። አሁን ሳስበው ደስ ብሏት ነበር። «የዕጢ ነቀርሳ ነው» አለች፣ «ስድስት ወር…» ከዚያ በኋላ ብዙ ተናገረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅ ግን አይሰማኝም። የሺ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። እኔ የማስበው ስለ ስፌት መኪናዬ ነበር፤ ማን ይገዛታል እያልኩ።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ይድገሙልኝ። ምን ሰሙ?»

«ነቀርሳ እንደሆነ።»

«ሌላስ?»

«ስድስት ወር እንደቀረኝ።»

መቅደስ ደነገጠች። «ኧረ! እኔ እንደሱ አላልኩም! መድኃኒቱን ስድስት ወር ትወስዳለህ፣ ከዚያ ትድናለህ ነው ያልኩህ!»

«ይድናል አላሉም፣ ዶክተር» አለች የሺ እያለቀሰች። መቅደስ ግን ብላ ነበር፤ አጠገባችን የቆመችው ነርስም ሰምታለች። እኔና የሺ ነን ነቀርሳ የምትለዋ ቃል ላይ ጆሯችን የተደፈነ።

ሐኪሙ መቅደስን አልተቆጣትም። ማስታወሻውን አወጣና ሁላችንንም በተራ ጠየቀን፤ «ነቀርሳ ምንድን ነው?» እኔ «የማይድን በሽታ» አልኩ። የሺ «ካንሰር» አለች። መቅደስ «ቲቢ» አለች። ነርሷ ትንሽ አሰበችና «ሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ነው፤ የደም ነቀርሳ ስንል ደግሞ ካንሰር ነው» አለች። የሁላችንንም ጻፈ። ከዚያ የጻፈውን እያየ «አንድ ስም፣ ሁለት በሽታ» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄኛው ይድናል።» መቅደስ አስረዳችኝ፤ ቲቢ ሳንባን ብቻ ሳይሆን ዕጢንም አጥንትንም ይይዛል፤ የአንገት ዕጢን ሲይዝ እንደኔ ያብጣል፣ ይፈነዳል፤ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ከተወሰደ ይድናል። ይህን ሁሉ ደገምኩለት። የሺም ደገመች።

ሰው እንዲህ ሲባል በደስታ ይዘላል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን የጠየቅኩት ሌላ ነው። «እህቴስ?» አልኩ።

ነገርኳቸው፤ የት እንዳበጠ፣ እንዴት እንደፈነዳ፣ ስንት ወር እንደቆየች፣ ክሊኒኩ ምን እንዳለ። ሐኪሙ ጥያቄ እየጨመረ ብዙ ጠየቀኝ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ አጠር አድርጎ ለመቅደስ ነገራት። «ይንገሩት» አላት በአማርኛ።

«ሳናያት እርግጠኛ መሆን አንችልም» አለች መቅደስ መሬት መሬት እያየች። «ግን ያንተው ሳይሆን አይቀርም።»

እሱም ከወንበሩ ተነስቶ፣ እጁን ከጎኑ አድርጎ፣ ወገቡን አጎንብሶ ሰላምታ የሚመስል ነገር ሰጠኝ። በአገራቸው የሐዘን መግለጫ እንደሆነ መቅደስ ኋላ ነገረችኝ። የዚያን ዕለት እንዴት ወደ ቤት እንደተመለስኩ አላስታውስም።

መድኃኒቱን በየቀኑ ጠዋት ሐሙሲት ጤና ጣቢያ ባለሙያ ፊት እውጥ ነበር። በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። በመጀመሪያው ሳምንት ሽንቴ ቀላ፤ ደም መሰለኝ። መድኃኒቱ እንደሚያቀላው መቅደስ ነግራኝ ኖሯል፤ አስደግማኝም ነበር፤ እኔ ነኝ የረሳሁት። ከሁሉ የከፋው ግን ሰው ነው። ነቀርሳ ያዘው የተባለ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ፣ ዳቦ ይዞ ይጠይቀኝ ነበር። ቲቢ ነው ሲባል ያው ሰው ስፌቱ ሳያልቅ ልብሱን እየወሰደ ሸሸ። ሊሞት ነው ሲባል ያለቀሰልኝ፣ ሊድን ነው ሲባል እጄን መጨበጥ ፈራ። የእኔዋ ዕጢ በትንፋሽ አትተላለፍም ብዬ ባስረዳስ ማን ይሰማኛል?

የሺ ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ በገዛ ሜትሬ ወገቤን ትለካለች። አንድ ጣት በጨመርኩ ቁጥር እልል ማለት ያምራታል፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ታፍነዋለች።

በሦስተኛው ወር ቁስሉ ደረቀ፤ እኔ ደግሞ መድኃኒቱን አቆምኩ። ድኛለሁ ብዬ አይደለም። ሰውነቴ እያገገመ ሲሄድ የጥሩወርቅ ነገር እየገነፈለ መጣብኝ። ክኒኑን ባየሁ ቁጥር የሳጥኑ ወረቀት ይታየኛል። ለእሷ ያልደረሰ ለእኔ ለምን ይደርሳል አልኩ። አራት ቀን አልሄድኩም። በአራተኛው ቀን የሺ ከስፌት መኪናው ፊት ቆመች።

«ጥሩወርቅ መድኃኒቱን አጣችው እንጂ እንቢ አላለችም» አለችኝ። «ብታገኘው ትውጠው ነበር። አንተ ማን ነህና ነው የምትተፋው?»

ተነስቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላቋረጥኩም።

በዚያው መሃል መቅደስ እናቴ መንደር ድረስ በእግሯ ሄደች፤ ከታማሚ ጋር የኖረ ሁሉ መመርመር አለበት ብሏት ሐኪሙ። እኔም አብሬያት ነበርኩ። ደጃፉ ላይ ስንደርስ «ስለ ጥሩዬ አደራ፣ እንዳትነግሪያት» አልኳት። መቅደስ አልወደደችውም፤ ቢሆንም እሺ አለችኝ። እናቴ ቆሎ አቀረበችላት፣ መረቀቻት፣ አክታዋን ሰጠች። ንጹሕ ሆነች። መቅደስ ቤቱ መስኮት እንዲወጣለት ጠየቀች፤ መስኮቱን እኔው አበጀሁት።

ስድስተኛው ወር ሲያልቅ ሐኪሙ አንድ ነገር ለመነኝ። ተማሪዎቹን ሰብስቦ የመምህሩ ወንበር ላይ እኔን አስቀመጠኝ፤ እሱ ከኋላ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጠና ማስታወሻውን ከፈተ። ያን ያህል ነጭ ጋውን ፊት ተቀምጬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። እስካሁን የጻፍኩላችሁን ነገርኳቸው። «ያ የክሊኒክ ሰው አልዋሸንም» አልኳቸው። «የተናገረው ትክክል ነው። ምን እንደሰማን ግን አልጠየቀንም።» ሁሉም ጻፉ። ከመሃል አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «አንተ ፊደል ታውቃለህ። ወረቀቱን ሰው አስነብበህ ለምን አልነገርካትም?» አለኝ።

ሐኪሙ ያድነኛል ብዬ አየሁት፤ አላዳነኝም፤ ጠበቀኝ።

«ካነበብኩት መሄድ ግድ ይሆንብኛል» አልኩ በመጨረሻ። «ሄደን ሬሳ ይዤ መመለስ ፈራሁ። ይኼው ነው።»

ከዚያ ዓመት ጀምሮ የእሱ ተማሪዎች ለበሽተኛ ነቀርሳ ብለው ዝም አይሉም፤ ቲቢ ነው ወይም ካንሰር ነው ብለው ለይተው ይናገራሉ፣ ያስደግማሉም። ሐኪሙ ጊዜው አልቆ ወደ አገሩ ተመልሷል። መቅደስ ዛሬ ሌላ ወረዳ ሐኪም ናት፤ በቅርቡ ያከመችው አንድ ገበሬ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ «አስደጋሚ ናት፣ ታደክማለች» ብሎ አማረረልኝ።

መድኃኒቱን የጨረስኩ ሰሞን እናቴ ዘንድ ሄድኩ። አጠገቧ አስቀመጠችኝና አንገቴ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቷ ዳሰሰችው። ብዙ ጊዜ ዳሰሰችው።

«ያንተስ ነቀርሳ አልነበረም» አለች። «ነቀርሳ ቢሆን መች ትድን ነበር። ነቀርሳማ የጥሩዬ ነበር። አይደል ልጄ?»

ዓይኔን ዓይኔን ታየኛለች። ምን እንደምትጠይቀኝ ሳታውቀው አልቀረችም።

«አዎ እምዬ» አልኳት። «የእኔስ ሌላ ነበር።»

«ተመስገን» አለች፤ እጇንም ከአንገቴ አነሳች።

ለእናቴ ዋሽቻለሁ፤ እስክትሞትም እዋሻታለሁ። እናንተን ግን አልዋሽም። ሐኪሞቹ እርግጠኛ መሆን አይቻልም ይላሉ። የሁለታችንንም ቁስል ያየሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ነበር።